ከአፌ የቀደመው ድምፅ

ጥላውን አይቶ የሚደነግጥ ሰው ድሮም ያስቀኛል፣ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም እንዲህ ያለ ወሬ አምኜ አላውቅም፣ ይህን ግን እመኑኝ፣ በራሴ ጆሮ የሰማሁት ነው።

እኛ ጣና ዳር ዓሣ የምንሸጥ ሴቶች የመሸጫ ቦታችንን በየዓመቱ በዕጣ እንከፋፈላለን። ዘንድሮ ዕጣውን በቆቡ ይዞ ያስወጣው ልጄ በላይ ነበር፣ በቦታው ያለችው የአንዲት ዛፍ ጥላ ለሚስቱ ወጣ፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ዘይነባ ፀሐይ ላይ ቀረች፣ በዚያ ሐሩር ደግሞ ዓሣ እስከ ቀትር አይቆይም። በላይ አንዷን ወረቀት በጣቶቹ መሃል ይዞ ለሚስቱ ሲያስቀር አይቻለሁ። ሆኖም ልጄ ነውና ያየሁትን ዋጥ አድርጌ፣ ‹ዕጣው ይደገም› ብቻ ልል የሰው አቤቱታ በቀጥታ ለሚያሰማው የሬዲዮ የረፋድ ፕሮግራም ደወልሁ፣ ዘይነባም አጠገቤ ቆመች።

ስልኩን ያነሳችው የጣቢያው ቴክኒሻን አሰለቸችኝ።

«እማማ፣ ድምፅዎ ይደጋገማል፣ ሬዲዮዎን ያጥፉት።»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ!»

«የስልኩን ድምፅ ማጉያስ?»

«እሱንም!»

«ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆኑ ራቅ ይበሉ እስቲ።»

«ሐይቁ ውስጥ ልግባልሽ?»

በዘይነባ ስልክ ደወልሁ፣ ያው ሆነ። ቴክኒሻኗ ደጋግማ አዳመጠችና፣ «እማማ፣ የሚደጋገም ድምፅ ከኋላ ነው የሚመጣው፣ የእርስዎ ግን ይቀድማል» አለች። ሳዳምጥ እውነትም የራሴ ድምፅ ‹ጤና ይስጥልኝ› ይላል፣ እኔ ገና ልል ነበር።

አየር ላይ አስገቡኝ። አንድ ቃል ልናገር ስል ድምፁ ይቀድመኛል፣ ንድድ አልሁ፣ የሰው ተራ የምትቀማ ይህች ማን ናት! እስቲ ምን ልትል ነው ብዬ አፌን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ።

ቀጠለች። ስለ ጥላው ተናገረች፣ ስለ ዘይነባ ልጆች ተናገረች፣ ከዚያ ረጋ ብላ «ልጄ በላይ አንዷን ወረቀት በጣቶቹ ይዞ አስቀርቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። ዘይነባ ፊቴ ቆማ የተዘጋ አፌን ታያለች።

ዕጣው በማግስቱ በሌላ ሰው እጅ ተደገመ። በላይ ግን እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጠም።

በሳምንቱ ቴክኒሻኗ ደወለች። «እማማ፣ ብልሽቱን ፈልገን አጣነው። ግን የልጅዎን ነገር ሲናገሩ መስመሩ እንዴት ጥርት ብሎ ነበር!»

‹እኔ አልተናገርሁም› ልላት አፌን ስከፍት፣ ከስልኩ ውስጥ የራሴ ድምፅ ቀድሞኝ «አዎ፣ እኔ ነኝ የተናገርሁት» አላት።