ሁለቱ የሽቦ ጫፎች

ተረት አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

ቦታው አንኮበር። ዘመኑ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ነሐሴ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ጉሙ ግን ወርዶ ከደጃፍ እስከ አጥር እንኳ አያሳይም።

ወልደተንሣኤ ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር።

ሁልጊዜም ብቻውን ነው። አንጥረኛ ስለሆነ "ቡዳ ነው" ይሉታል። የሠራውን ጌጥ ይወስዳሉ፣ ማዕዱን ግን አይቀርቡም። ሚስቱን ንጋቷንም ወንድሞቿ መጥተው ወደ ጫጫ ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ በስሙ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ታመነ። ታመነ ከቤቱ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የውሃውን መዘውር የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። እሱም ቢሆን ከሩቅ ይጣራል እንጂ ደጃፉን ረግጦ አያውቅም።

ቤቱ የሙሴ ጉስታቭ ነው፤ የአንድ ፈረንጅ። ሰውየው በውሃ በሚዞር መዘውር ኤሌክትሪክ የሚሉትን ኃይል አውጥቶ፣ ወልደተንሣኤ በሠራው የመዳብ ሽቦ ቤቱን ሊያበራ ነበር ሐሳቡ። ቤቱን ለወልደተንሣኤ አደራ ብሎ መብራቶቹን ሊያመጣ ወደ ባሕር እንደወረደ ክረምቱ ያዘው።

ከመሄዱ በፊት በመስተዋት የተከደነ ሳጥን ለወልደተንሣኤ አሳየው። ውስጡ ቀጭን መርፌ አለ።

"ኃይሉ በአንዱ ሽቦ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል" አለው። "ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ከሌለ አይሄድም። መርፌውም ይተኛል። ከተነሳ ግን... ሽቦውን አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነው።"

"ምን ነገር?"

ፈረንጁ ሳጥኑን አስረክቦት በቅሎው ላይ ወጣ።

በሳምንቱ መዘውሩ እየዞረ ሳለ አንዲት በግ ገብታ ሁለቱን ሽቦ ነካች። መርፌው እስከ መሃል ተነሳ። ተንቀጠቀጠ። በጓ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ወደቀች።

ወልደተንሣኤ ዳግመኛ አልጠየቀም።

ያን ቀን እንግዲህ፣ እርጥበቱ ሽቦውን አበላሽቶት እንደሆነ ሊለካ ተነሳ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ገደሉ ተጣራ።

"ታመነ! ውሃውን ልቀቀው!"

"ለቀቅሁት!"

መዘውሩ ከታች ማጉረምረም ጀመረ። ወልደተንሣኤ ሳጥኑን ከሽቦው ጋር አያይዞ መርፌውን አየ።

ተኝቷል።

"ተመስገን" አለ።

ከዚያ... መርፌው ተነሳ።

ቀስ ብሎ። እስከ መሃል። እዚያ ሲደርስ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"እርጥበቱ ነው" አለ ለራሱ። የገዛ ድምፁ በባዶው ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነበት።

ሽቦው ወደ ሦስት ክፍል ይሄዳል። በደረቅ ዱላ የእልፍኙን አላቀቀ። መርፌው አልወረደም።

የመኝታ ቤቱን አላቀቀ። አልወረደም።

የዕቃ ቤቱን አላቀቀ...

መርፌው ወደቀ።

መልሶ አያያዘው። ተነሳ።

ዕቃ ቤቱ ከተቆለፈ ሰንብቷል። ቁልፉ የራሱ ወገብ ላይ ነው። ከግራና ከቀኝ ግድግዳ የተንጠለጠሉ ሁለት የሽቦ ጫፎች ካልሆኑ በቀር ውስጡ ምንም የለም።

ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።

"ማነው?" አለ በሹክሹክታ።

በሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"ሰው ከሆንክ... ቆይ፣ አሁን አስለቅቅሃለሁ።"

ወደ ደጅ ሮጠ።

"ታመነ! ዝጋው! ሰው ይዞታል!"

ከጉሙ ውስጥ መልስ መጣ።

"ዘግቼዋለሁ እኮ!"

"መቼ?"

"አሁን! አንተው ወርደህ ዝጋ ስትለኝ... ምነው?"

ወልደተንሣኤ ወደ ወንዙ አልወረደም።

ያኔ ነው ልብ ያለው። መዘውሩ ድምፅ የለውም። ቆሟል።

ተመልሶ ሳጥኑን አየ። መርፌው መሃል ላይ ነው። ይንቀጠቀጣል።

ሊሸሽ ይችል ነበር። ግን በጓ ትዝ አለችው። ሰው ቢሆንስ? ቁልፉን አዞረ።

ማንም የለም።

ሁለቱ የሽቦ ጫፎች ግን አልተንጠለጠሉም። ከግራና ከቀኝ ተነስተው፣ አየር ላይ፣ እርስ በርስ እየተያዩ ቆመዋል። ሰው የያዛቸው ይመስል ተወጥረዋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። አንድ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ አይሞላውም።

ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ቢያያዙ ግን... ይሞሉታል።

ወልደተንሣኤ አልጮኸም። የሰው እጅ ከያዘ ስንት ጊዜው ነው? አያስታውሰውም።

የግራው ጫፍ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ቆመ።

ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተከፈተ።

ዱላው ከእጁ ወደቀ። አንድ እግሩ ደፉን አልፎ ነበር...

ከኋላው ኩታውን የጨበጠ አንድ እጅ ወደ ኋላ ጎተተው።

"አትግባ" አለ ታመነ በሹክሹክታ። "ሰው ይዞታል" የሚለውን ሰምቶ ዳገቱን ሮጦ ወጥቶ ነው፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

"ቦታ ለቀቁልኝ፣ ታመነ።"

"እነማን?"

"እንጃ።"

"ና ውጣ፣ ልጄ። እባክህ ና።"

እጁን ይዞ እየጎተተ አወጣው።

ወልደተንሣኤ ወደዚያ ቤት አልተመለሰም። ታመነ ራሱ ጫጫ ድረስ ሸኝቶ የንጋቷን ወንድሞች ለምኖ አስታረቀው። እዚያው ከሚስቱ ጋር ኖረ፣ እዚያው ሞተ። ፈረንጁ ይመለስ አይመለስ አልጠየቀም።

ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ፣ ለየብቻቸው ሲጠየቁ እንኳ፣ ሳያዛንፉ የሚናገሩት አንድ ነገር ግን አለ።

ያን ቀን ከግቢው ሳይወጡ በዕቃ ቤቱ መስኮት አጠገብ አለፉ። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበሩ። ታመነ ቆመ፤ ወደ ውስጥ አየ።

ጫፎቹ አሁንም አየር ላይ ናቸው። ክፍተቱ እንደተከፈተ ነው።

"እየጠበቁ ነው" አለ ወልደተንሣኤ።

ታመነ እጁን አጥብቆ ያዘው። ዓይኑ የቀኙ ጫፍ ላይ ነበር።

የቀኙ ጫፍ ቀስ ብሎ... በአንድ ሰው ልክ... ፈቀቅ አለ።