ከመንገዱ ማዶ የተነሳው ፎቶ

ጋሽ ፎቶ ከፎቶ ቤታቸው የእንጨት ደረጃ ሥር በጀርባቸው ወድቀው ሲገኙ፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ገና አልለቀቃቸውም ነበር። ሙሽራውንም፣ ተመራቂውንም፣ አራሷንም ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ እሳቸው ያነሱት ፎቶ ያልተሰቀለበት ግድግዳ ማግኘት ይከብዳል።

ሳጅኑ አስከሬኑን አየ፣ ደረጃውን አየና ነገሩን እዚያው ጨረሰው።

«ሽማግሌ ናቸው፤ ደረጃውም ያረጀ ነው። አዳልጧቸዋል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ሸሚዝ ኮሌታ በጣቷ ጫፍ ገለጥ አደረገች። የላይኛው አዝራር የለም። አዝራሩ የነበረበት ቦታ ተቀዷል፤ ቅዳጁ ላይ ቀጭን ቀይ ክር ተንጠልጥሏል። ቀና ብላ ደረጃውን በዝግታ ወጣች። ፎቁ ላይ፣ ከደረጃው አፍ አጠገብ የተነጠፈውን ምንጣፍ ስታነሳ ነጩ አዝራር ከነቀይ ክሩ ቁጭ ብሏል።

«አዳልጧቸው ቢሆን አዝራሩን እታች እናገኘው ነበር» አለች። «አንድ ሰው እዚህ ላይ ኮሌታቸውን ጨምድዶ ይዟል።»

ሳጅኑ መርማሪዋ ስትናደድ ድምጿ ዝቅ እንደሚል ያውቃል፤ አሁን ደግሞ በጣም ዝቅ ብሏል።

ፎቁ አንድ ሰፊ የፎቶ ማንሻ ክፍል ነው። በአንድ ወገን የመብራት ማቆሚያዎችና የጀርባ መጋረጃ፣ በሌላው ወገን ወደ መንገዱ የወጣች ጠባብ በረንዳ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትልልቅ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ ዝናብ ባጠበው የአውቶቡስ መስኮት ውስጥ አሻግራ የምታይ ሴት። ሁለተኛው ተራ የቤተሰብ ፎቶ። የሁለቱም ግራ ጥግ በወፍራም እርሳስ ተከብቧል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አስከሬኑን ያገኘውን ሰው ነው። ከጋሽ ፎቶ ጋር ያረጀ ፊልም አጣቢ ነው፤ ጣቶቹ በኬሚካል ቡናማ ሆነዋል። ከማዘኑ ይልቅ መናደዱ ይታያል።

«የፎቶ ወረቀት ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው» አለ።

«አባቴ፣ ከእሳቸው ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ከእሳቸው ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ፊልም የሚታጠብበትን ጨለማ ክፍል ዘግቼ ለልጄ የኮምፒውተር ክፍል ላደርገው ነው አሉኝ። እኔንስ የት ልትጥሉኝ ነው አልኳቸው። ተሳድቤያለሁ፤ አልክድም። ግን ደረጃ ላይ የምገፈትራቸው ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ገፍትሬያቸው ነበር፤ ምክንያት አጥቼ አላውቅም።»

«ሲወጡ ማን ነበር?»

«አማችየው ነበር። ያው የዘወትር ጭቅጭቃቸውን ይዘዋል፤ ስልክ ይበልጣል፣ ካሜራ ይበልጣል። ነገ ማታ አዳራሽ ውስጥ ሰው ፊት ሊከራከሩበት ቀጠሮ ይዘው፣ እስከዚያ እንኳ መታገስ አቃታቸው።»

«ይህን ቀይ ክር ያውቁታል?»

ሽማግሌው አዝራሩን አየና ፊቱን አዞረ። «ዛሬ ጠዋት ራሳቸው ናቸው የሰፉት። ነጭ ክር አጥተው። በነጭ ሸሚዝ ላይ ቀይ ክር ያስቃል ብላቸው፣ ‹ይቺን ክር ለማየት አፍንጫዬ ሥር መቆም ያስፈልጋል› አሉኝ።»

የጋሽ ፎቶ ልጅ ከአዳራሹ ተጠርታ መጣች። ጠዋቱን ሙሉ ከአዳራሹ ሠራተኞች ጋር ለክርክሩ ፎቶ ስትሰቅል ነበር፤ እነሱም ይህንኑ አረጋግጠዋል። እሷም እንደ አባቷ ካሜራ ይዛ ነው የምትተዳደረው። ዓይኗ ደም መስሏል፤ እንባ ግን አልወጣትም።

«የሚጣሉት ስለ ምን ነበር?» አለቻት መርማሪዋ።

«ስለ ፎቶ ጥራት። ገበታ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ባሌ ስለ ፒክስል ያወራል፣ አባዬ ስለ ሌንስ። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

«አንቺስ የትኛው ይበልጣል ትያለሽ?»

«የጠየቀኝ የለም።»

መርማሪዋ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራለትን የአውቶቡሷን ሴት ፎቶ አሳየቻት። «ባልሽ በስልኩ አንስቶ የተሸለመበት ይህ ነው?»

ልጅቷ ፎቶውን አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«እንደዚያ ነው የሚባለው» አለች።

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀቻትም። ካሜራዋን እንድታውሳት ብቻ ለመነቻት።

አማችየው ከመንገዱ ማዶ፣ በፎቶ ቤቱ ትይዩ የስልክ መሸጫ አለው። ቁመቱ በሩን ሊነካ ምንም አይቀረው። የስልክን ዋጋ ሁሉ በሜጋ ፒክስል ስለሚቆጥር ሰፈሩ «ሜጋ» ይለዋል። ያ ፎቶ ከተሸለመ ወዲህ ሱቁ በር ላይ «በስልክ ፎቶ አንሺነት እናሠለጥናለን» የሚል ባነር ሰቅሏል፤ ከባነሩ ላይ የአውቶቡሷ ሴት መንገደኛውን ታያለች።

«አዎ፣ ጠዋት ተጨቃጭቀናል» አለ ሜጋ፣ ሳይጠየቅ። «ንቀታቸው ልክ አልነበረውም። ስልክ ለሎሚ ሻጭ እንኳ አይሆንም ይሉኛል። ትቻቸው ወጣሁ፤ መንገዱን ተሻገርኩ። ዞር ስል በረንዳው ላይ ቆመው በንዴት ያዩኛል። እንግዲህ ከዚህ ሆኖ ስልክ ምን እንደሚያይ ላሳያቸው ብዬ፣ ከዚህችው በር ላይ አነሳኋቸው። ይኸው፤ ሰዓቱም አብሮ አለ። ወዲያው ደንበኞች መጡ፤ ከሱቄ ንቅንቅ አላልኩም። ደንበኞቹን ይጠይቋቸው።»

ደንበኞቹ ተጠየቁ፤ መምጣታቸው እውነት ነው። በፎቶው ላይ ያለው ሰዓትም አጣቢው ከመመለሱ ጥቂት ቀደም ይላል።

መርማሪዋ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን ደጋግማ አየችው። ጋሽ ፎቶ ከደረታቸው በላይ ይታያሉ፤ መላጣቸው አናቱ ድረስ ፀሐይ አርፋበታለች፤ ቅንድባቸው ተሰብስቧል። በሁለት ጣቷ አሰፋችው። የጢማቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኮሌታቸው ላይ ስትደርስ ይበልጥ አሰፋችው።

«ይህ ሁሉ ከዚህ ርቀት?» አለች፣ እንደመገረም ብላ። «እኔ እንኳ ስልክ ከሩቅ ሲያነሳ ፊትን ቀለም የተቀባ ያስመስለዋል ሲባል ነበር የምሰማው።»

ሜጋ ተቆጣ። «እሱ የእሳቸው ወሬ ነው። የእኔ ስልክ ከዚህ ሆኖ የዓይን ሽፋሽፍት ያነሳል።»

«ክርም ያነሳል?»

«ክርም ያነሳል።»

«እርግጠኛ ነዎት፤ ከዚህ በር ላይ ነው የቆሙት?»

«ስንት ጊዜ ልንገርዎት? ከዚህች ከቆምኩባት ነው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ እንደ ትናንቱ በረንዳው ላይ ስታርፍ፣ መርማሪዋ ሁሉንም ፎቁ ላይ ሰበሰበቻቸው። አጣቢው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ከባሏ ርቃ መጋረጃው አጠገብ ቆመች። ሜጋ ስልኩን በእጁ እያገላበጠ ገባ።

«ለቀስተኛ ታች እየጠበቀን ነው» አለ። «ምን ቀረ?»

«ትንሽ ነው። ባለሙያ ስለሆኑ እንዲያግዙኝ ነው» አለች መርማሪዋ። የተገኘውን አዝራር ከነክሩ በሳጅኑ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። «ሳጅን በረንዳው ላይ ይቆማል። እርስዎ ከሱቅዎ በር ላይ ሆነው፣ ልክ እንደ ትናንቱ፣ በዚሁ ስልክ ያንሱት።»

ሜጋ አንድ አፍታ አመነታ። ዙሪያውን ሲያይ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። አልችልም ማለት አስጠላው፤ ስልኩን ይዞ ወረደ። ሌላ ፖሊስ ተከተለው። ሲመለስ ግንባሩ አልቦት ነበር።

መርማሪዋ አዲሱን ፎቶ ከፈተችው። ሳጅኑ አንገቱን አስግጎ አየ።

«እኔ ነኝ ይሄ?» አለ።

ፊቱ በብሩሽ የተሞነጨረ ይመስላል። ቅንድቡ ከግንባሩ ጋር ቀልጧል። ክሩ ቀርቶ አዝራሩ ራሱ ከኮሌታው አይለይም።

«ብርሃኑ ተለውጧል» አለ ሜጋ ፈጥኖ። «እጄም ተንቀጠቀጠ። ስልክ እኮ ራሱ እያሰበ ነው የሚያስተካክለው፤ አንዳንዴ ያሳምራል፣ አንዳንዴ ያበላሻል።»

«ስልክ የማያየውን ክር በምን አስቦ ያመጣዋል? ቀይ መሆኑንስ ማን ነገረው?» አለች መርማሪዋ። የትናንቱን ፎቶ ከአዲሱ አጠገብ አደረገች፤ በትናንቱ ላይ አዝራሩን የያዘችው ቀይ ክር ጥርት ብላ ትታያለች። «እሺ፣ ጥራቱን እንተወው። ይህን ተመልከቱ። አዲሱ ፎቶ ላይ የሳጅኑ አገጭ ከታች ነው የሚታየው፤ የአፍንጫው ቀዳዳ ሳይቀር። ፎቅ ላይ የቆመን ሰው ከመንገድ ሆነህ ስታየው እንዲህ ነው። የጋሽ ፎቶ መላጣ ግን እስከ አናታቸው ይታያል። እሳቸው አጭር ናቸው። አናታቸውን ያየ ሰው አጠገባቸው የቆመ፣ ደግሞም ረጅም ሰው ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ረጅም ሰው አንድ ብቻ ነበር።

«አጠገባቸው ሆኜ ባነሳቸውስ?» አለ ሜጋ። «አንስቼ ሄድኩ። ከዚያ ወደቁ።»

«ታዲያ ለምን ከማዶ ነው ያነሳሁት አልክ?» መርማሪዋ «እርስዎ» ማለቱን ተወችው። «ፎቶው ሲነሳ አዝራሩ ኮሌታቸው ላይ ነው። አጣቢው ሲመለስ ተቀዶ ምንጣፍ ሥር ገብቷል። ልጃቸው አዳራሽ ነበረች። አጣቢው ወረቀት መደብር እንደነበር ሻጩ ነግሮኛል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ እጁ ኮሌታቸው ላይ ሊደርስ የሚችለው ፎቶውን ያነሳው ሰው ነው። አንተም ይህን ስለምታውቅ መንገዱን ተሻገርክና ፎቶውንም አብረህ አሻገርከው።»

«ለምን ብዬ? ለካሜራና ለስልክ ክርክር ሰው ይገደላል?»

«ለእሱ አይደለም።» ከጠረጴዛው ላይ ሁለቱን ትልልቅ ፎቶዎች አነሳች። «ግራ ጥጉን እዩት። እንደ ጭስ የመሰለች ነጭ ነገር አለች። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ናት። የቤተሰቡን ፎቶ ያነሳችው ልጃቸው ናት፤ እሳቸው በሰጧት፣ ጠርዙ በተጫረ አሮጌ ሌንስ። ትናንት ካሜራዋን ተውሼ ሞከርኩት፤ ያቺኑ ጭስ ይጥላል። የተሸለምክበት ፎቶ በስልክ አልተነሳም። አንተም አላነሳኸው። ጋሽ ፎቶ ይህን ደረሱበት፤ ዛሬ ማታ አዳራሹ ውስጥ ሊያወጡት ነበር።»

ሜጋ ሚስቱን አየ። አልተንቀሳቀሰችም። ያን ጊዜ ንዴቱ ገነፈለ።

«ሌባ አሉኝ» አለ። «እስከ በረንዳው ተከትለውኝ። ‹በል እስቲ አንሳኝ፤ በዚያ መጫወቻህ አንሳኝና ያንን የምትመስል አንድ ፎቶ አሳየኝ› አሉኝ። አነሳኋቸው። አዩት፤ ሳቁብኝ። ‹ይሄ ያንተ ነው፣ ያኛው የልጄ ነው› አሉና ፎቶዎቹን አሳዩኝ። ሰው ሁሉ ፊት ሊያዋርዱኝ ነበር። ሱቄ፣ ስሜ፣ ሁሉም በዚያ ፎቶ ላይ ነው የቆመው። ደረጃው ጋ ያዝኳቸው። ዝም በሉ ነው ያልኳቸው። ዝም አላሉም።»

አጣቢው ከበርጩማው ተነስቶ ሊደርስበት ሲል ሳጅኑ መሃል ገባ።

ልጅቷ ግን ተራመደች። ባሏ ፊት ቆማ ወደ ላይ አየችው።

«ፎቶውን ስትወስድብኝ፣ ለሁለታችንም ነው አልከኝ። እሺ አልኩ። ስምህን ስትጽፍበት እሺ አልኩ። አባዬ ‹የማን ነው?› ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የእሱ ነው አልኩት። ለአባቴ ዋሸሁልህ። እሱ ግን ሥራዬን ከሌንሴ ጭረት ለየው።» በእጇ ወደ ማዶው ሱቅ ጠቆመች። «አንተ ደግሞ እሱን ደረጃው ሥር ጥለህ ወጥተህ ደንበኛ ታስተናግዳለህ።»

«አልፈለግኩም፤ እመኚኝ…»

«አታናግረኝ።»

ሳጅኑ ካቴናውን አጠለቀለት። ደረጃውን ሲወርዱ ታች ከነበረው ለቀስተኛ ጉርምርምታ እንደ ንብ ተነሳ፤ ፖሊሶቹ ወደ መኪናው ሊያደርሱት ብዙ ታገሉ።

ከቀብር በኋላ የአዳራሹ ኃላፊ ወደ ልጅቷ ቀረበና፣ የክርክሩን ምሽት እንደሰረዘው፣ ፎቶዎቹንም ሊያወርዳቸው እንደሆነ በትሕትና ነገራት።

«አታውርድ» አለችው። «ሰውም እንዳትመልስ።»

ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በጥቁር ልብሷ መድረኩ ላይ ወጣች። ከኋላዋ የአውቶቡሷ ሴት፣ ከሥሯም የሜጋ ስም የተጻፈበት ካርድ አለ። ካርዱን ገነጠለችው። መርማሪዋ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታያታለች።

«ስልክ ይበልጣል ወይስ ካሜራ የሚለውን ለመስማት ነው የመጣችሁት» አለች ልጅቷ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት። «እኔ ስለሱ የምለው የለኝም። ዝናብ ይዘንብ ነበር። አውቶቡሱ መብራት ላይ ቆመ። ሴትየዋ እያለቀሰች ነበር፤ እንዳላየሁ ሆኜ ላልፋት አልቻልኩም። ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»