ፕላስተሩን ማን ላጠው?

ሰውየው የሞተው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው። ጉንጩ ጋዜጣ ላይ አርፏል፤ ቀኝ እጁ ትንሿን የቀለም መርጫ እንደጨበጠ ቀርቷል። ከፊቱ ክንድ የምታህል ነጭ ሞዴል አውሮፕላን ጎኗ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባት ቆማለች። ሟች ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ቀለም ቀቢ ነበር። ትልልቆቹን ሲያስተዉት ትንንሾቹን ያዘ። አስም ያለበት ሰው ቀለም መሐል ምን ይሠራል ብትሉ፣ ሚስቱም ዕድሜዋን ሙሉ ያንኑ ስትል ነው የኖረችው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ስትደርስ ሃምሳ አለቃው ሥራውን ጨርሶ ነበር የጠበቃት። ሰውየው በአስም ታፍኖ ሞቷል። በአፍ የሚሳበው መድኃኒቱ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ጎን፣ ሚስማር ላይ በክር ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ ግን የተገኘው ማድ ቤት በር ላይ በተሰቀለው የሚስቱ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው። ባልና ሚስቱ ሲነታረኩ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እንዴት ኪስሽ ገባ ስትባልም «እንጃ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም።

«መኪናው ውጭ ቆሟል፤ እንውሰዳት» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ለምን?» አለች መርማሪዋ።

እሱም አመሏን ስለሚያውቅ ተንፍሶ ወንበር ሳበ።

እሷ ክፍሉን ቀስ ብላ ዞረችው። መስኮቱ ዝግ ነው። በሟቹ እጅ ያለችው መርጫ የቀለም መያዣዋ ውስጥ ቀዩ ቀለም ደርቆ ተጋግሯል። የአውሮፕላኗ መስመር ግን ያስቀናል፤ በምላጭ የተቆረጠ እንጂ በቀለም የተሰመረ አይመስልም። የቆሻሻው ቅርጫት ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ፣ የወረቀት ፕላስተር ወደ ኋላ እየታጠፈ ተልጦ ተጥሏል። ጎንበስ ብላ የአውሮፕላኗን ሆድ አየች። እዚያም አንድ ፕላስተር አለ፤ ይሄኛው አልተላጠም።

ስለዚህ ሥራ የምታውቀው ነገር ስላልነበረ ካፒቴንን አስጠራች። ካፒቴን የሟቹ የድሮ ባልንጀራ ነው፤ አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም፣ ዕድሜውን የፈጀው የመንገደኛ ሻንጣ ሲመዝን ነው፤ ሞዴል ግን ከሟቹ ጋር ይሠራ ነበር። ማዕረጉን የሰጠው ሟቹ ነው፣ ለማሾፍ። ከምሳ በኋላ ብቅ ብሎ ጓደኛውን ፕላስተር ሲለጥፍ ትቶት እንደሄደ ተናገረ። ሲናገር እጁ ስለሚንቀጠቀጥ በሌላኛው እጁ ይይዘዋል።

«ፕላስተሩ ቀለሙ ከመስመሩ እንዳይወጣ ነው። መለጠፍማ ማንም ይለጥፋል፣ ልጄ» አለ። «ጠርዙን በጥፍርሽ ትጫኚዋለሽ። ከዚያ ቀዩን እንዳትረጪ! መጀመሪያ ያንኑ የታችኛውን ነጭ ነው። ሾልኮ የሚገባ ካለ ነጩ ገብቶ ቀዳዳውን ይድፈነው። ቀዩ ከዚያ በኋላ ነው።»

«መላጡስ?»

«ጉዱ እሱ ላይ ነው። ቸኩለሽ ከላጥሽው ቀለሙ ይጎተታል። ከደረቀ ደግሞ ከፕላስተሩ ጋር ተፈርፍሮ ይነሣል። ጣት ላይ የማይለጠፍ፣ ጥፍር ግን የሚያሰረጉደው ሲሆን፣ ያኔ ወደ ኋላ አጥፎ ቀስ እያሉ መሳብ ነው።»

«እስከዚያ ምን ይሠራል?»

«መርጫውን በቲነር ያጥባላ! እሱ ሰውዬ እራቱን ይረሳል እንጂ መርጫ ሳያጥብ ቀርቶ አያውቅም።»

ቀጥሎ የሟቹን ልጅ አነጋገረች። ሠላሳ የሞላው፣ ጓሮ ካለችው ክፍል የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው። የእንጀራ እናቱ ስትጮህ ሰምቶ እንደሮጠ፣ ከዚያ በፊት ግን ወደ ሥራ ክፍሉ ድርሽ እንዳላለ ነገራት። ሞዴል ይሠራ እንደሆነ ስትጠይቀው ሳቅ ቢጤ ቃጣው። ይህ የልጅ ጨዋታ እንደማይሆንለት፣ አባቱም «እጅህ እግር ነው» እያለው እንዳደገ፣ ፕላስተር ይዞም እንደማያውቅ መለሰላት።

ሚስትየዋ ማድ ቤት ተቀምጣለች። ሽርጧን ፖሊስ ስለወሰደባት እጇን የምታሳርፍበት የጠፋት ትመስላለች። ከአውሮፕላኖቹ ጋር ያላት ነገር አቧራ መጥረግ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ስለ ልጁ ስትጠየቅ ግን ቀና አለች።

«የወተት ጥርሱን ሳይነቅል ነው የተረከብኩት» አለች። «እሱን ከዚህ ነገር አውጪልኝ፤ እኔን እንደሆነ ውሰጂኝ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ አውሮፕላኗ ግን እዚያው ናት።

«ሟች ቀዩን ቀለም ረጨ» ብላ ጀመረች። «መርጫውን አላጠበም። እጁ ላይ እንዳለች ቀለሙ ደርቆባታል። ስለዚህ ረጭቶ እንደጨረሰ ነው ትንፋሹ የተያዘው። እሺ፣ ሞተ እንበል። ፕላስተሩን ማን ላጠው?»

ሃምሳ አለቃው ጎንበስ ብሎ ቅርጫቱን አየ።

«ቀለሙ እርጥብ እያለ ቢላጥ ኖሮ ይጎተት ነበር፤ ደርቆ ቢሆን ይፈረፈር ነበር። እናንተው እዩት፣ ንቅንቅ አላለም። አንድ ሰው ከሟቹ ጋር ተቀምጦ ቀለሙ እስኪደርስ ጠብቋል። መድኃኒቱን ይዞ የወጣውም እሱ ነው። ካፒቴን፣ እርስዎ በዚህ እጅዎ ቢነኩት ያበላሹት ነበር።»

«ፕላስተር ከተውኩ ቆየሁ» አለ ካፒቴን ተከፍቶ።

«እትዬም አቧራ ከመጥረግ በቀር ነገሩን አያውቁትም።» ይህን ብላ አውሮፕላኗን ገለበጠችና የሆዷን ፕላስተር ጫፍ ይዛ ሽቅብ ሳበችው።

«ኧረ ተይው!» አለ ልጁ። «ደርቋል እኮ! መጀመሪያ ጠርዙን በምላጭ...»

ከዚያ ክው አለ። ካፒቴን ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ሚስትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ፕላስተር ይዘህ አታውቅም ነበር» አለች መርማሪዋ።

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ተቀመጠ። መናገር ሲጀምር ግን ማንም አላስቆመውም። ዓመት ሙሉ ደክሞ የሠራውን ሌላ አውሮፕላን አባቱ በራሱ ስም አውደ ርእይ አስገብቶ ተሸልሞበታል። ዛሬ «‹የልጄ ነው› ብለህ ተናገር» ሊለው ገባ። አባትየው ሳቀበት። ሲስቅ ሳል ጀመረው፤ ሳሉም ትንፋሹን አሳጠረው።

«መድኃኒቱን ከሚስማሩ ያነሣሁት ልሰጠው ነበር» አለ። «ከዚያ እልህ ያዘኝ። ‹ያንተ ሥራ ነው በለኝና ውሰድ› አልኩት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለግኩት። እሱ ግን በግራ እጁ ፕላስተሩን እያሳየኝ ‹እንዳይደርቅ› አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።»

«አንተስ?»

«ጠብቄ ላጥኩት።»

የሆዷን ፕላስተር ለምን እንደተወው ስትጠይቀው፣ ልክ ሊያዞራት ሲል የውጭው በር ተንኳኳ፤ የእንጀራ እናቱ ከገበያ መመለሷ ነበር። በማድ ቤቱ በኩል ሲወጣ መድኃኒቱ እጁ ላይ ስለቀረበት ያገኘው ኪስ ውስጥ ከተተው። የማን ኪስ እንደሆነ ያኔ አላሰበም፤ ሃምሳ አለቃው ሽርጡን ይዞ ሲወጣ ግን አይቷል፣ ዝምም ብሏል።

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን አወጣ። መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ ዞረች።

«እርስዎ ነጻ ነዎት፣ እትዬ።»

«ምኑን ነው ነጻ የወጣሁት?» አለች ሴትየዋ። «እነዚህን አቧራ ስጠርግ ነው የኖርኩት። የአባትየውን መስመርና የልጄን መስመር ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለየዋለሁ። ገና በሩን ስከፍት የላጠው የማን እጅ እንደሆነ አውቄያለሁ።»

«አውቀው ነው ሊታሰሩ የነበረው?»

«ታዲያስ! እኔ ብሄድ አንድ ሰው ይተርፍልኝ ነበር።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ይህን እንደማታውቅ እርግጠኛ ነበር፤ ለዚያም ነው ዝም ማለቱ የቀለለው። አሁን ፊቱን የሚያስገባበት አጣ። እሷ ተነሥታ ከጓሮ ክፍሉ ሹራቡን አመጣችና እጆቹ ስለታሰሩ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

«እዚያ ወለሉ ሲሚንቶ ነው» አለችው፤ ከዚያ ወሰዱት።