ማለዘቢያውን የዋጠው ውሻ

ውሻው ዶፍ ሰማንያ ሁለተኛው ፎቅ ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ሁለት መጋረጃ ቀድዷል፤ ምግብ አመላላሿን ድሮን ከመስኮት ነጥቆ አልጋ ሥር ከትቷታል፤ ጥጃ የሚያክል ሰውነቱን ይዞ ሳሎኑን የሩጫ ሜዳ አድርጎታል። ከፈረሰ ሕንፃ ሥር የወጣ ውሻ ነው። "ቤታችን ድምፅ የለውም" ብላ የመረጠችው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ረድኤት ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ቤት ወስደው መልሰውታል። ነገ፣ የሙከራው ጊዜ በሚያልቅበት በአሥረኛው ቀን፣ የረድኤት እናት ስንቅነሽም "ይመለስ" ካለች፣ የውሻ ማቆያው ለአራተኛ ቤት አይሰጠውም፤ በመርፌ ይገድለዋል።

ስንቅነሽ ይህን ታውቃለች። ምንም አልተሰማትም። ከጆሮዋ ጀርባ ማለዘቢያ አለ፤ ምስር የምታክል፣ ሐዘን ልብ ሳይደርስ የምታደበዝዝ ቁልፍ። ባሏ መርዕድ የሞተ ዕለት የዕድሩ ሰዎች ናቸው የለጠፉላት። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ሳታለቅስ ተቀመጠች። ለልጅ ስለማይፈቀድ ረድኤት አልተለጠፈላትም። እሷም ግን አላለቀሰችም።

በአገሩ ወግ ሐዘንተኛ ጥቁሩን በገዛ እጁ አያወልቅም፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚያስወልቀው። በማለዘቢያውም ይኸው ሆነ። ስንቅነሽ የሚያስወልቃት ሰው ጠበቀች። ጎረቤቶቿ ደግሞ ምን የመሰለች ጠንካራ ሴት፣ አውልቃ በርትታለች ብለው ተዉአት። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በአሥረኛው ቀን ጧት የማቆያው ሐኪም ጌትዬ በሩን ሲያንኳኳ ዶፍ በደስታ አበደ። ሶፋውን ዘሎ ስንቅነሽን ከነወንበሯ ገለበጣት፤ ፊቷን ላሰ፣ ጆሮዋን ላሰ፣ አንድ ነገር ቀርጠፍ አድርጎ ዋጠ።

"ማለዘቢያዬን!" አለች ወለሉ ላይ እንደተንጋለለች።

የሦስት ዓመት ሐዘን አሁን በአንዴ ሊወርድባት ነው። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችው። አልመጣም።

የደነገጠው ጌትዬ ነው። ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል ብሎ መመርመሪያውን ከቦርሳው አወጣና የዶፍ ሆድ ላይ አንሸራተተው። ከዚያ ተነፈሰ።

"አይጨነቁ፣ አይጎዳውም። ባዶ ነው።"

"ባዶ ማለት?"

"የሚሠራው ለአርባ ቀን ነው እኮ። መመርመሪያው እንደሚለው ካቆመ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አልነገሩዎትም?"

ስንቅነሽ ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። ታዲያ ያ ሁሉ ድንዛዜ የማን ነበር? መርዕድን ያላለቀሰችው፣ ልጇን አቅፋ ያላባበለችው፣ ዛሬ ጧት "ይመለስ" ልትል የተዘጋጀችው ራሷ ናት። አፈረች። ከሦስት ዓመት ወዲህ በደንብ የተሰማት ነገር ይኸው እፍረት ብቻ ነው።

"እና፣ ይመለሳል ወይስ ይቆያል?" አለ ጌትዬ።

"ይቆይ። ሊያስወልቀኝ የመጣ እሱ ብቻ ነው።"

ሐኪሙ ሲወጣ ረድኤት መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

"እማዬ፣ አንቺ እስክታወልቂ እየጠበቅኩሽ ነበር" አለች። "አሁን ማልቀስ ይቻላል?"

ስንቅነሽ ዓይኗን በጣቷ ነካች። ደረቅ ነው። ዶፍ መጥቶ እግሯ ላይ በሙሉ ክብደቱ ተኛ።

"ይቻላል" አለቻት። "እኔ ግን እንዴት እንደሚለቀስ ጠፍቶኛል። አንቺ ጀምሪልኝ፣ እከተልሻለሁ።"