ሞተሪኖው እምቢ ያለበት ማለዳ

ገሠሠ በራሱ ላንድሮቨርና በግቢው የድንጋይ ካብ መካከል ተጣብቆ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር አባይነህ ከቀትር በኋላ ቀየት መንደር ሲደርስ አስከሬኑ ቤት ገብቷል፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ታዲዮስ ደግሞ ከጥዱ ሥር እጁን ታስሮ ተቀምጧል። መንደሩ ፈርዶበት ጨርሷል።

ምክንያት አላጡለትም። ገሠሠ ልጁን የምሥራችን ወደ ቤይሩት ሊልካት ቆርጦ ነበር፤ ዛሬም አዲስ አበባ ደላላው ዘንድ ሊያደርሳት ነው ተብሎ ነበር። ታዲዮስ ባለፈው ሰንበት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «ልጅቷን ከምትወስዳት አንተን ይውሰድህ» ብሎ ረግሞታል።

«ቁልፉን አዙረህ ነዳህበት ይላሉ። ከጋቢናው ስትወርድ ታይተሃል» አለው አባይነህ።

«ስደርስ መኪናዋ ካቡን ገጭታ ሞተሯ ጠፍቶ ነበር፣ ጌታዬ። ወደ ኋላ ልገፋት ብል አንደኛ ማርሽ ላይ ናት። ማርሹን ላወጣ ነው የገባሁት። ወንድሜን ያወጣሁት በነዚህ እጆቼ ነው።»

አባይነህ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ ጠቅ አለና ዝም። ከፊት ጎማው ሥር ሞተር በእጅ የሚዞርበት ማኒቬላ ወድቋል። ኮፈኑን ሲከፍት የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ በጣቱ ሲነካው ላልቶ ተንጠለጠለ፤ በሚያጠብቀው ብሎን ጫፍ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ። ወደ ጋቢናው ተመልሶ ዳሽቦርዱን በጣቱ ሲዳስስ አንዲት ነገር አገኘ። አገኘና ባላገኘኋት አለ።

ለቀስተኛው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። የሟቹ ሚስት አማከለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከልጇ ጎን ተቀምጣለች።

«ታዲዮስን እፈታዋለሁ» አለ አባይነህ። «ይቺን መኪና በቁልፍ ያስነሣ ሰው የለም። ሞተሪኖው ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ባትሪው ደክሟል። የቀረችው ነዳጁን ለሚለኩሰው ለካንዴላው እሳት የምትበቃ ጭላጭ ናት። ስለዚህ ገሠሠ የተደገፈችበትን ድንጋይ ከጎማው ሥር አንሥቶ ከፊት ለፊቷ በማኒቬላ አዞራት። ቁልቁለት ላይ ነበረች፤ ሞተሩ ሲነሣ ይዛው ሄደች።»

«ማርሹን ሳያወጣ?» አለ ታዲዮስ።

«ፍሬኗ ስለማይታመን ሁልጊዜ በማርሽ ያሳድራታል አይደል? በቁልፍ ሲያስነሣ ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ ማርሹ አይጎዳውም። ዛሬ ግን እግሩ ውጭ ነበር፤ ልማዱ አታለለው።»

«ባትሪው ምን አደከመው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞው ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያው። እሱን አንድ ሰው አላልቶታል። ገሠሠ ትናንት በጉም ውስጥ መብራት አብርቶ ከገበያ ሲመለስ ባትሪው ወጪ እንጂ ገቢ አልነበረውም። ባትሪው እንደማይሞላ የምታስጠነቅቀው የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት ላይ ደግሞ ጥቁር የበግ ፀጉር በሰም ተለጥፎባታል።»

የቀረውን መናገር አልፈለገም። ቤቱ በር ሥር፣ እንዝርት ላይ፣ ያንኑ ጥቁር ፀጉር ሲገባ አይቶታል።

«እኔ ነኝ» አለች አማከለች። «ቺንጊያው ከላላ ባትሪው ይራባል ብሎ ያሳየኝ ራሱ ነው። በተጋባን ዓመት፣ ከጎኑ አስቀምጦኝ። መኪናዋ ካልተነሣች ልጄ አንድ ቀን ትውልልኛለች ብዬ እንጂ...»

የምሥራች የእናቷን ጉልበት ያዘች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልሄድም ነበር። ማታ አልቅሼ ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። ፓስፖርቴን ከደላላው ሊያስመልስ ብቻውን ነበር የሚሄደው። ‹ስመለስ እኔው ልንገራት፣ ደስ ይበላት› ብሎ እንዳልነግርሽ ከለከለኝ።»

አማከለች አላለቀሰችም። አባይነህ የታዲዮስን እጅ ፈታ፤ ገመዱን እንደያዘም ቆመ። ማንን እንደሚያስርበት አላወቀም።