የፕራንድር ሰባተኛ ፍቺ

የኔታ ወልደ ዮሐንስ ከማስተማሪያ ክፍላቸው ደፍ ላይ፣ ራሳቸው ከድንጋዩ ተጋጭቶ፣ ሞተው ተገኙ። ቀኑ አርብ ነው፤ ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ አምስት ዓመተ ምሕረት። ልጃቸው አምሳል ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ተማሪያቸው ፋንታሁን የአባቷን ራስ ታቅፏል፤ ጋቢው በደም ርሷል። ጮኸች። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያማ ማን ፋንታሁንን ይስማው! እጁን አስረው ግቢ ውስጥ አስቀመጡት፤ ከሰዓት በኋላ ወህኒ ሊያወርዱት ነው።

መርማሪው፣ የመቶ አለቃ ክንዱ፣ ረፋድ ላይ ደረሰ። ሆዱ ገፋ ያለ የደምቢያ ሰው ነው፤ ሲያዩት እህል ሊሸምት የመጣ ይመስላል።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ። የኔታ ምን ነበር የሚያስተምሩ?»

«ፈረንሳይኛ። ጅቡቲ ሳሉ የለመዱትን። ተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ፋንታሁን፣ አያ ሐብተ ማርያም፣ ደግሞ... ሐዲስ።»

ሐዲስ ስትል ድምጿ ለስለስ አለ። እጮኛዋ ነዋ! ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ነገሩን ዘረገፈችለት። መንግሥት ከሦስቱ አንዱን ፈረንሳይ አገር ሊልክ ነው፤ መራጩ የኔታ ናቸው። ደብዳቤውን ትናንት ጽፈዋል። አሁን የለም።

«ሲያስተምሩስ?»

«እንደ ቄስ ትምህርት ነው። ደብተር የለ፣ መጽሐፍ የለ፤ በቃል። አንድ ግስ ይይዙና በቀን አንድ ፍቺ ይጨምራሉ። ተማሪው ከመጀመሪያው አንስቶ በዜማ ይወርደዋል። ማልዶ የደረሰ ቀድሞ ይቀጽላል፤ የዕለቱን ፍቺ ከአፋቸው ይቀበላል። አሁን የያዙት ‹ፕራንድር›፣ ማንሣት፣ የሚሉትን ነው፤ ትናንት ስድስተኛው ላይ ደረሱ። ሰባተኛው...» እንባዋ ቀደማት።

ሰባተኛውን የሰማችው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ አባቷ ከኋላዋ ሳቁ። «ዥ ፕራን ኮንዤ ደ ማ ፊይ! ልጄን እሰናበታለሁ ማለት ነው። አንቺን ሳይ መጣልኝ፤ የዛሬው ምሳሌ ይኸው ነው» አሏት።

«ይኸን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። አሁን ለእርስዎ።»

ክንዱ ራሱን ነቅንቆ ወደ ውስጥ ዘለቀ።

«እነዚህን የተማሪ መቀመጫ ቁርበቶች ማታ ማን ሰቀላቸው?»

«እኔ። ሦስቱንም።»

ግድግዳው ላይ ያሉት ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ከየኔታ መቀመጫ ፊት ለፊት ተነጥፏል፤ መሀሉ ሰው እንደተነሣበት ጎድጉዷል።

ፋንታሁን እጁ እንደታሰረ ከግቢው ሆኖ «አልተቀመጥሁም ጌታዬ!» አለ። «ስገባ ወድቀው ነበር። ላነሣቸው ብዬ ነው።»

አያ ሐብተ ማርያም ሽበታም ደብተራ ናቸው። «እኔማ ማክሰኝት አድሬ ማኪናው ጎማው ፈንድቶ ጉድ ሠራኝ። እንኳን ልገድል፣ ያን ግስ መሸከምም አቅቶኝ ነበር። ግስ ነው ወይስ የጭነት በቅሎ?»

ሐዲስ ከአምሳል አጠገብ አልተለየም፤ እጁ ትከሻዋ ላይ ነው። «ጩኸቷን ሰምቼ ነው የደረስሁት። ምኑ ይመረመራል? ደሙ የማን ጋቢ ላይ ነው ያለ?»

ክንዱ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበና የየኔታን መቋሚያ አነሣ።

«ፍትሐቱን ካህናቱ ያደርሱታል። እናንተ ደግሞ ያስተማሯችሁን አንድ ጊዜ ውረዱላቸው። ሐዲስ፣ ጎበዙ አንተ ነህ አሉ፤ ምራ!»

መቋሚያው ወለሉን መታ። ዷ! ሐዲስ አነሣ፤ ሁለቱ ተከተሉት። ዥ ፕራን ለ ፔን፣ ዳቦውን አነሣለሁ። ዷ! ዥ ፕራን ለ ቴ፣ ሻይ እጠጣለሁ። ባቡር እሳፈራለሁ። ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ። ብርድ ይመታኛል። ክንዱ ምቱን አፈጠነው። ለ ፈ ፕራን፣ እሳቱ ይያያዛል። ዷ!

ሁለቱ ድምፆች ቆሙ። አንዱ ብቻውን ቀጠለ፦

«ዥ ፕራን ኮንዤ ደ ማ ፊይ፣ ልጄን እሰና...»

አምሳል ዞር ብላ አየችው። የአባቷ የመጨረሻ ቃል ከዚህ አፍ ወጣ!

«ጨርሰው እንጂ» አለ ክንዱ። «አያ ሐብተ ማርያም፣ እርስዎ ምነው ቆሙ?»

«እስከዚያው ነዋ ያደረሱን!»

«አዎ። ማታ የተሰቀለ ቁርበት ጧት ተነጥፎ ሳይ፣ አንድ ሰው ማልዶ መጥቶ ቀጽሏል አልሁ። የኔታ ደግሞ ይህን ምሳሌ የፈጠሩት ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው። አምሳል ለማንም አልነገረችም፤ እነዚህም አያውቁትም። እንግዲህ ሐዲስ፣ አንተ ከማን ሰማኸው? ከጩኸቱ በኋላ ከመጣህ፣ የሞተ ሰው አያስተምር! እኔም ዳዊት የደገምሁ ነኝ። በቃል የያዙት ዜማ ሰውን ይጎትታል፤ ስድስተኛው ላይ ቁም ቢሉት አይቆምም።»

ሐዲስ እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሣ።

«የጻፉት የእኔን ስም ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «ግን ሳትሄድ አግባት አሉኝ። አላገባም፣ ፊትም ያጨኋት ለደብዳቤው ብዬ ነው አልኋቸው። ሊቀድዱት ሲሉ ነጥቄ ገፋኋቸው። እንዲሞቱ አላሰብሁም።»

ደብዳቤውን ከቦርሳው ውስጥ አወጡት።

የፋንታሁን እጅ ተፈታ፤ ያው ገመድ ሐዲስን አሰረ። አምሳል ግን የሐዲስን እጅ ነበር የምታስብ። ጧቱን ሙሉ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ስታለቅስ እንባዋን ጠርጎላታል።

ሲያወጡት አምሳል እስከ ግቢው ተከተለች፤ ሐዲስ ከደጅ ሲደርስ ዞረ። «አምሳል፣ አንዲት ቃል በይኝ...»

«ዥ ፕራን ኮንዤ» አለችው።

ደሙ ያልደረቀውን ደፍ ተሻግራ ገባችና በሩን ዘጋች።