ከአልጋዬ ሥር የወጣው ድልድይ

የምጽፍላችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከጨመርሁ ይኸው የተቀመጥሁበት ድልድይ ጣሪያው አናቴ ላይ ይውረድ!

በዚያ ክረምት በእኛ በቻይና፣ በዤጂያንግ ተራሮች ወንዙ ሲሞላ የደመናው እግር ሳይቀር ረጠበ። በላይኛው መንደር ሦስት መቶ ዓመት የቆመው፣ አንድ ምስማር ያልነካው ባለ ጣሪያ የእንጨት ድልድይ ተነቅሎ ወደ እኛ ወደ ታችኛው መንደር መጣ። ሰው ሁሉ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሲያለቅስ እኔ ባኦ ደሻን ዘልዬ ገባሁ። አርባ ግንድ ብቻዬን አወጣሁ። ሁለቱን በጥርሴ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ መጣች። ሊየን ትባላለች፤ የላይኛው መንደር የድልድይ አናጢ ልጅ ናት። ግንዶቹን እያገላበጠች ቅድመ አያቶቿ በጥቁር ቀለም የጻፉባቸውን ምልክት ታነባለች። የትኛው እንጨት የት እንደሚገባ የሚናገረው እሱ ነው።

«አንድ ጎድሏል» አለች። «የመሀል ተሸካሚው ግንድ። እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ ማገዶ ነው።»

«ምን አለፋሽ? የወረዳው ሹም በሲሚንቶ ሊሠራላችሁ ነው አሉ።»

ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ ዓይን አንድ ድስት ሩዝ ይበስላል።

«እስከ ወር መጨረሻ ቀን ሰጥቶናል። እንጨቱ ካልሞላ ሲሚንቶውን ያፍስስ። ከሞላ ግን ሬሳዬ ላይ ያፍስሰው!»

ተሸካሚው የት እንዳለ አውቅ ነበር። ቤቴ አስገብቼ፣ ሳንቃ ደርድሬበት፣ አልጋ አድርጌዋለሁ። ርዝመቱ ስላልበቃኝ ግድግዳውን በስቼ ጫፉን ወደ ጎረቤት ጓዳ አሳልፌዋለሁ። ለምን አልሰጠኋትም? ከሰጠኋት ወዲያ ምን ብላ ትመጣለች!

አራት ጊዜ ተመላለሰች። አራት ጊዜ የቀርከሃ ቡቃያ ቀቅዬ አበላኋትና «ፍለጋ ላይ ነኝ» አልኳት። በአምስተኛው፣ ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ውሃ ልትጠጣ ጎረቤት ገባች። ጓዳው ውስጥ የግንዱን ጫፍ ከነምልክቱ አየችው።

«ደሻን!»

«አቤት።»

«እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ምንም አይል።»

«እንዴት ይል! መንደር ሙሉ የሚሻገርበት ላይ ተጋድመህ! ተነሥ፣ አንተ ግንድ!»

«እሱን ከወሰድሽ እኔ የት ልተኛ?»

ፊቷን አዞረች፤ ጆሮዋ ግን ቀላ። «መጀመሪያ ተሸከም» አለች።

ተሸከምሁ። ብቻዬን፣ ያን ሁሉ አቀበት፣ እየዘፈንሁ። ስንደርስ ሹሙ የሲሚንቶ መኪናዎቹን አሰልፏል። ሊየን ግንዱን መንገዱ መሀል አስጣለችኝና ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ቀኑ አላለቀም!»

«አንቺ ልጅ፣ ተነሺ!» አላት ሹሙ።

«መጀመሪያ ወንዙን ተነሥ በለው!»

እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ክንዴን ሲያዩ መኪናዎቹ በመጡበት ተመለሱ። ድልድዩ ቆመ። እላዩ ላይ ተጋባን፤ ሦስት ሺህ ሰው የሩዝ ጠጅ ጠጣ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሚስቴ ሊየን ለካ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ኖሯል። ሻይ ቀዳችልኝና ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

«ደሻን መዋኘት አይችልም። ያን ክረምት ከተማ፣ ጡብ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። እንጨቱን የለቀምነው እኔና አባቴ ነን። መኪናው ፊት የተቀመጥሁትም ብቻዬን ነው። እሱን ያየሁት ድልድዩ ካለቀ በኋላ ነው። ‹ዝናብ ያዘኝ› ብሎ ጣሪያው ሥር ሦስት ሰዓት አጠገቤ ቆመ። ጃንጥላውን ከጀርባው ደብቆ።»